አፋፍ ላይ ቆሞ የካርቦን ግላይደር ማብረር፦ ከማረፊያው እንጀምር

የመጀመሪያዬን የካርቦን ግላይደር፣ ማለትም ከመሬት ሆኜ በሪሞት የማበረውን ሞተር የለሽ ትንሽ አውሮፕላን፣ የሰበርኩት ሲያርፍ ነው። አየር ላይ በፍጥነት እያፏጨ ሲመላለስ ቆይቶ ምንም አልሆነም ነበር። መሬት ሊነካ አሥር ሜትር ሲቀረው ፈራሁና አፍንጫውን ቀና አደረግኩት። ፍጥነቱ አለቀ፣ ቆም አለ፣ ከዚያ በግራ ክንፉ ቁልቁል ወረደ። ከክንፉ በስተኋላ ያለው ቀጭን አካል እንደ ደረቅ አገዳ ቀሽ ብሎ ተሰበረ። አጠገቤ የነበሩ ጀርመናዊ ሽማግሌ ምንም አላሉም። ጃኬታቸውን አውልቀው ስብርባሪውን የምጠቀልልበት ሰጡኝ።

ይህ የሆነው ዋሰርኩፐ ላይ ነው። ከፍራንክፈርት በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። 950 ሜትር ከፍታ ያለው ሣር የለበሰ ተራራ ነው፤ ሞተር የለሽ በረራ ያደገበት ቦታም ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1922 አርተር ማርተንስ የተባለ አብራሪ «ቫምፒር» በሚባል ግላይደር እዚህ ተራራ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ሞተር ሳይኖረው አየር ላይ ቆይቷል። ዛሬም ቅዳሜና እሑድ ነፋሱ ከምዕራብ ሲመጣ ሰዎች ሪሞታቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው አፋፉ ላይ ይደረደራሉ።

ነገሩ ምንድን ነው? ነፋስ ተራራ ሲገጥመው መሄጃ ያጣና ሽቅብ ይወጣል። ሰሜን ተራሮች ወይም ጣርማ በር የቆመ ሰው ያውቀዋል። ትልቁ አሞራ ክንፉን አንዴም ሳያርገበግብ ገደሉን ታክኮ ሽው ይላል። የሚሸከመው ያ ሽቅብ የሚወጣ አየር ነው። የእኛም ግላይደር የሚበረው በዚሁ ነው። ሞተር የለውም፣ ባትሪው የሚያገለግለው ለመቆጣጠሪያው ብቻ ነው።

በዚህ አትጀምሩ

የምናወራው ስለ ውድድር ደረጃ ግላይደር ነው። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 3 ሜትር ገደማ፣ ባዶ ክብደቱ ከ2 ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ። የሚሠራው በሁለት ግማሽ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ነው። የካርቦንና የመስታወት ጨርቅ በኢፖክሲ ሙጫ ይነከራል፣ በመሃሉ ስስ ፎም ይገባል፣ ሁለቱ ግማሾች ይገጠማሉ። ሲደርቅ ክንፉ እንደ መስታወት ይለሰልሳል፣ እንደ ብረት ይጠነክራል። ሥሩ ላይ እንኳ ውፍረቱ ከአውራ ጣት እምብዛም አይበልጥም። አዲሱ ብዙ ጊዜ ከ2,000 ዩሮ በላይ ነው፣ ያውም ሰርቮውን፣ ማለትም የክንፉንና የጅራቱን ጠርዞች የሚያንቀሳቅሰውን ትንሽ ሞተር፣ ሳይጨምር።

እና መጀመሪያ የፎም ግላይደር ግዙ። ድንጋይ ላይ ወድቆ ተመልሶ የሚነጥር ዓይነት አለ። አንድ ወቅት ሙሉ እሱን አብርሩ። ግራና ቀኝ ሳያምታታችሁ፣ አውሮፕላኑ ወደ እናንተ ሲመጣም እጃችሁ ሳይሳሳት ሲቀር ያኔ ወደ ካርቦን ተሻገሩ።

ያገለገለ ብትገዙ አያሳፍርም፣ እኔም ሁለተኛዬን ያገኘሁት እንደዚያ ነው። ስትገዙ ግን ክንፉን በጣት ጫን ጫን አድርጉት። እንደ ቲማቲም ልም የሚል ቦታ ካለ ውስጡ ለቅቋል። ከክንፉ ኋላ ያለውን አካል በፀሐይ እያዟዟራችሁ እዩት፤ ተጠግኖ ከሆነ ቀለሙ ያሳብቃል። ሁለቱን ክንፎች የሚያገናኘውን የካርቦን ዘንግ አስገብታችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ከተላወሰ ዋጋ ቀንሱ ወይም ተዉት።

ወረቀቱንም አትርሱ። ጀርመን ውስጥ የኃላፊነት ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። በአብራሪነት ተመዝግባችሁ ቁጥራችሁን አውሮፕላኑ ላይ መለጠፍም አለባችሁ። ለእረፍት ሀገር ቤት ይዤው እሄዳለሁ የምትሉ ካላችሁ ደግሞ ፈቃድ አስቀድሙ። ድሮን ያለ ፈቃድ ማስገባት ክልክል ነው፤ ሻንጣችሁን የሚፈትሸው ሰው ግላይደርን ከድሮን ለይቶ ላያይላችሁ ይችላል።

አፋፉን ማንበብ

ቦታው ላይ ስትደርሱ ሳጥኑን አትክፈቱ። መጀመሪያ ባዶ እጃችሁን አፋፉ ድረስ ሂዱ። ነፋሱ ፊታችሁን በቀጥታ መምታት አለበት። ትንሽ ገደድ ቢል ችግር የለውም። ከ30 ዲግሪ በላይ ካዘነበለ ግን የሚያነሳው አየር ይቀንሳል፣ መንገጫገጩም ይጨምራል። ለመጀመሪያ ቀን በሰከንድ ከ7 እስከ 10 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ጥሩ ነው። እንዲህ ያለው ነፋስ ኮፍያ ይወስዳል፣ ሰው ግን አይገፋም።

ከዚያ ዞር በሉና ከኋላችሁ ያለውን እዩ። ነፋሱ አፋፉን አልፎ ሲሄድ ከጀርባው እንደ ወንዝ ውኃ ይሽከረከራል። ያ አዙሪት ነው ግላይደር የሚበላው። ጠርዙ እንደ ቢላ የተቆረጠ ገደል ከሆነ አዙሪቱ ከጠርዙ ጀርባ ወዲያው ይጀምራል። እንደ ዋሰርኩፐ ክብ ብሎ የሚወርድ ሣራማ ተራራ ከሆነ ይለዝባል። እንጨት ላይ ቀጭን ሪባን አስራችሁ ከአፋፉ ወደ ኋላ እየተራመዳችሁ ተመልከቱት። ሪባኑ መወራጨት ወይም ወደ ኋላ መዞር የጀመረበትን ቦታ ልብ በሉ። እዚያ አታርፉም።

የት ታርፋላችሁ ታዲያ? ይህን ከመገጣጠማችሁ በፊት መልሱ። ድንጋይ የሌለው፣ ሰው የማይቀመጥበት፣ ነፋሱ ለስላሳ የሆነበት ሣር ፈልጉ። በእግራችሁ ሂዱበትና ከሣሩ ሥር የተደበቀ ድንጋይ ካለ በጫማችሁ ፈልጉት። እኔ ያን ቀን ይህን አላደረግኩም።

ደግሞ ሰዎች አሉ። ዋሰርኩፐ ላይ ሰው የሚጭኑ ግላይደሮችና ፓራሹት መሳይ ክንፍ ያንጠለጠሉ በራሪዎችም ይመጣሉ። ሰው ላለበት አውሮፕላን ሁሌም መንገድ ይለቀቃል። ክርክር የለውም። ቦታውን የሚያውቁ አብራሪዎች ካሉ ሰላም ብላችሁ ጠይቋቸው፤ በአምስት ደቂቃ የሚነግሯችሁ ነገር የአንድ ወር ጥገና ያድናል።

መገጣጠምና መፈተሽ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሁሌ የምረሳው ነገር ስላለኝ በወረቀት ጽፌ ሳጥኑ ክዳን ላይ ለጥፌዋለሁ። ዘንጉ ገባ፣ የሰርቮ ገመዶቹ ተሰኩ፣ ክንፉ ከአካሉ ጋር ተገጠመ፣ መጋጠሚያው በቴፕ ታሸገ። ቴፑ ለውበት እንዳይመስላችሁ፤ ክንፉ አየር ላይ ከአካሉ እንዳይሸሽ ይይዘዋል።

ሪሞቱ ይቀድማል፣ አውሮፕላኑ ይከተላል። ስትዘጉ በተቃራኒው፣ አውሮፕላኑ መጀመሪያ። ከዚያ ከጅራቱ በስተኋላ ቆማችሁ የሪሞቱን መሪ ወደ ቀኝ ግፉ። የቀኝ ክንፉ አይለሮን (ወደ ጫፉ ያለው ተንቀሳቃሽ የኋላ ጠርዝ) ወደ ላይ መነሳት አለበት። «አውቀዋለሁ» ብሎ ያለፈ ሰው አንድ ቀን ይከፍላል። ባትሪውን በቮልት መለኪያ እዩት፣ በተለይ በክረምት፤ ብርድ ባትሪ ይበላል። የሪሞቱን ኃይል ዝቅ በሚያደርገው የሙከራ ቁልፍ ርቀቱን ፈትሹ። ካርቦን የሬዲዮ ሞገድ ይጋርዳል። ስለዚህ የሪሲቨሩ (የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው መሣሪያ) አንቴና ከካርቦኑ መውጣት አለበት፤ ካልሆነም አፍንጫው ከኬቭላር ወይም ከመስታወት ጨርቅ የተሠራ መሆን አለበት። ግንኙነት ቢቋረጥ አውሮፕላኑ ፍሬን ይዞ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ፌይልሴፉን አስተካክሉ። ያለበለዚያ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ ሸለቆውን ያቋርጣል።

አሁን ሚዛኑ። ክንፉን ከሥር በሁለት ጣት ደግፋችሁ ስትይዙት አውሮፕላኑ አግድም የሚቆምበት ነጥብ ነው። በዚህ መጠን ባሉት ብዙ ጊዜ ከክንፉ የፊት ጠርዝ 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ወደ ኋላ ይገኛል። ትክክለኛው ቁጥር አምራቹ የሰጠው ነው። ለመጀመሪያ በረራ ከዚያ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት አድርጉት። ትንሽ ይመስላል? አይደለም። 2 ኪሎ ተኩል ክብደት ባለው አውሮፕላን አፍንጫ ላይ የተጨመረ 5 ግራም እርሳስ ሚዛኑን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ያንቀሳቅሳል፤ እጃችሁም ልዩነቱን ያውቀዋል።

ሪሞቱ ላይ የሚስተካከሉ ቅንብሮች ብዙ ናቸው፤ ለመጀመሪያ ሦስቱ ይበቃሉ። አንደኛው፣ ኤሌቬተሩን (አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያደርገውን የጅራት ክፍል) ስትስቡ የክንፉ የኋላ ጠርዝ በሙሉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ታች ይወርዳል። አውሮፕላኑ ፍጥነት ሳይበላ ይታጠፋል። ሁለተኛው የፍጥነት ቅንብር ነው፤ የኋላ ጠርዙ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይነሳል። ሦስተኛው ፍሬኑ ነው። ፍላፖቹ (ወደ አካሉ ያሉት የክንፉ የኋላ ጠርዞች) 70 ዲግሪ ያህል ወደ ታች፣ አይለሮኖቹ ወደ ላይ። አውሮፕላኑ ሊቀመጥ ያለ ዶሮ ይመስላል። ሞተር ስለሌለ የጋዝ ዘንጉ ሥራ ፈት ነው፤ እሱን የፍሬን ዘንግ እናደርገዋለን። ወደ ራሳችሁ ስትስቡት ፍሬን ይይዛል፣ ስትገፉት ይለቃል። ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው ሽቅብ እንዳይል ከፍሬኑ ጋር ትንሽ ኤሌቬተር ወደ ታች ቀላቅሉ። ይህ መጠን በልምድ ነው የሚገኘው። ከፍ ብላችሁ አየር ላይ ሞክሩት፣ መሬት አጠገብ አይደለም።

መወርወር

ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ሰው ይወርውርላችሁ። ሁለቱም እጃችሁ ሪሞቱ ላይ ይሁን። ወርዋሪው አካሉን ከክንፉ ሥር ይይዛል፣ አፍንጫውን ወደ አድማስ ወይም ከአድማስ ትንሽ ዝቅ ያደርጋል፣ ቀጥታ ወደ ነፋሱ ይገፋዋል። ሽቅብ መወርወር የጀማሪ ሁሉ ስህተት ነው። ፍጥነት የሌለው አውሮፕላን ወደ ላይ ቢያይ ይቆማል፣ ከቆመ ይወድቃል። ከእጅ ሲወጣ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ልብ ይሰነጥቃል፣ አትሳቡት። ፍጥነት ሲይዝ ራሱ ይወጣል።

ከዚያ በኋላ አንድ ሕግ አለ፣ አይሻርም። መታጠፍ ሁሌም ወደ ሸለቆው ነው። ወደ ተራራው በፍጹም አትታጠፉ። ከአፋፉ ጋር ትይዩ ትሄዳላችሁ፣ ጫፍ ስትደርሱ ወደ ውጭ ታጥፋላችሁ፣ ትመለሳላችሁ። ተኝቶ የሚታይ ስምንት ቁጥር እየሣላችሁ ነው።

ከፍ ስትሉ ሚዛኑን ፈትሹ። 45 ዲግሪ ያህል ወደ ታች አስጎንብሱትና መሪውን ልቀቁ። ቀስ ብሎ ራሱን ቀና ካደረገ ጥሩ ነው። እንደ ደነገጠ ፈረስ ሽቅብ ከዘለለ አፍንጫው ከብዷል፣ እርሳስ ቀንሱ። ጭራሽ ወደ ታች እየባሰበት ከሄደ ደግሞ ጅራቱ ከብዷልና ቶሎ ሳቡት፣ አሳርፉት፣ እርሳስ ጨምሩ።

ፍጥነት ከየት ይመጣል?

ጀማሪ ፍጥነትን በጣቱ የሚያመጣው ይመስለዋል። መሪውን ያወዛውዛል፣ አውሮፕላኑ ይዋዥቃል፣ እያንዳንዱ መዋዠቅ ፍጥነት ይበላል። ጥሩ አብራሪ አጠገብ ቆማችሁ ጣቶቹን እዩ። የሚንቀሳቀሱም አይመስሉም። መታጠፊያው ላይ ክንፉን ያዘነብላል፣ አንዴ ለስለስ አድርጎ ይስባል፣ ይለቃል። አለቀ።

ውድድሩ ኤፍ ሦስት ኤፍ ይባላል። በ100 ሜትር መስመር ላይ አሥር ጊዜ መሄድ ነው፣ በድምሩ 1 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ሰው ከሰዓት ጋር። ነፋሱ በሰከንድ ከ3 እስከ 25 ሜትር እስከሆነ ድረስ ይካሄዳል። የአውሮፕላኑ ክብደት ከ5 ኪሎ መብለጥ የለበትም። እኔ አንድ ደቂቃ ሲፈጅብኝ ደስ ይለኛል። ነፋሱ በጠነከረ ቀን ጎበዞቹ ከ40 ሰከንድ በታች ይጨርሱታል። የጀርመኑ ሩገን ደሴትና የዴንማርኩ ሃንስትሆልም የሚወደዱት ነፋሱ ከባሕር ስለሚመጣ ነው። ዛፍም ቤትም ሳያደናቅፈው እንደተነጠፈ ይደርሳል።

ነፋሱ ሲጠነክር ክብደት ይጨመራል። ግራ ያጋባል አይደል? ሞተር የሌለው ነገር ሲከብድ እንዴት ይፈጥናል? ሲከብድ በዚያው የመንሸራተት ማዕዘን ፈጠን ብሎ ይወርዳል፣ የሚነሳው አየር ጠንካራ ከሆነ ደግሞ መውረዱን ይከፍልለታል። ፍጥነቱ የሚጨምረው በክብደቱ ስኩዌር ሩት ነው። ከ2.4 ወደ 4.2 ኪሎ ብታደርጉት በ32 በመቶ ይፈጥናል። የብረት ወይም የነሐስ ዘንጎች ክንፉና አካሉ ውስጥ ባሉ ቱቦዎች ይገባሉ። ሚዛኑን ግን እንደገና ለኩ። 1.5 ኪሎ ጨምራችሁ ከሚዛኑ ነጥብ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ካስቀመጣችሁት ሚዛኑ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይሸሻል። ያ አደጋ ነው።

አትጠጉ ያልኳችሁን አዙሪት ሆን ብለው የሚፈልጉ ሰዎችም አሉ። ከተራራው ጀርባ ፈጣኑ ነፋስና የቆመው አየር በሚገናኙበት ቦታ እየዞሩ በእያንዳንዱ ዙር ፍጥነት ይሰበስባሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ስፔንሰር ሊሰንቢ ካሊፎርኒያ ውስጥ በዚህ መንገድ 882 ኪሎ ሜትር በሰዓት አብርሯል። ሞተር በሌለው አውሮፕላን! ማየት ያስደስታል። እናንተ ግን ገና ናችሁ፣ እኔም እንደዚያው።

ማረፍ

ከወረወራችሁ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የመጀመሪያውን ማረፍ ሞክሩ። ባትሪ ሞልቶ፣ እጅ ሳይዝል። ሲመሽና ስትደክሙ ያረፋችሁት ማረፍ ትምህርት አይሆንም።

ጮክ ብላችሁ «ላንዱንግ!» (ማረፍ ነው!) በሉ። ጀርመኖቹ ሰምተው ቦታ ይለቃሉ። ከዚያ ከፍታችሁን ይዛችሁ፣ ከአፋፉ ጎን ወደ መረጣችሁት ሣር በነፋሱ አቅጣጫ ውረዱ። ነፋስ ከኋላ ሲገፋው አውሮፕላኑ ከመሬት አንፃር በጣም ይፈጥናል። ዓይናችሁ «ቀንስ» ይላችኋል፤ አትስሙት። ክንፉ የሚያውቀው የአየሩን ፍጥነት ብቻ ነው። ጀርባውን ለነፋስ ሰጥቶ የቀዘቀዘ ግላይደር መታጠፊያው ላይ ይወድቃል። ሁለት ፎቅ ቤት ያህል ከፍታ እያላችሁ ወደ ነፋሱ ዙሩ። ዝቅ ብሎ መዞር የለም።

አሁን ፊታችሁ ወደ ነፋስ ነው። ፍሬኑን በግማሽ ሳቡ። አፍንጫው ወደ ሣሩ ያይ። ይህ ነው የሚከብደው፣ ምክንያቱም ሰውነት በሙሉ «ቀና አድርገው» ይላል። አታድርጉት። ከፍታ ከበዛ ፍሬኑን ጨምሩ። ካጠረባችሁ ፍሬኑን ቀንሱ፣ አውሮፕላኑ ርቆ ይሄዳል። ከፍታውን የሚወስነው የግራ እጃችሁ ፍሬን ነው፣ ቀኝ እጃችሁ ክንፉን አግድም ይያዝ፣ ሌላ ሥራ የለውም።

ጉልበት ከፍታ ላይ ሲደርስ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ቀና አድርጉት። ሆዱ ሣሩን ሊነካ ሲል ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። ፍላፖቹ እንደተንጠለጠሉ መሬት ከነኩ የሰርቮው ጥርሶች ይረግፋሉ። አንድ ሰርቮ ደግሞ እንደ ዋዛ ከ50 ዩሮ በላይ ነው፣ ክንፉ ውስጥ ተጣብቆ ያለውን ማውጣቱ ሌላ ጣጣ።

ካልተመቻችሁ? ፍሬኑን ልቀቁ፣ ወደ አፋፉ ውጡ፣ ዙሩ፣ እንደገና። ይህን ግን ከፍታ እያላችሁ ወስኑ። እኔ ያን ቀን የወሰንኩት ዘግይቼ ነው፣ ያውም ፍሬኑን ሳለቅ አፍንጫውን በመሳብ።

ሀገር ቤት ለሚያበሩም አንድ ነገር ልጨምር። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ይሳሳል። ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም 15 በመቶ ገደማ መፍጠን አለበት። ስለዚህ የሚያርፈውም ፈጥኖ ነው። ለማረፊያ ከለመዳችሁት ረዘም ያለ ሣር ምረጡ።

ካረፈ በኋላ አውሮፕላኑን አጥፉ፣ ቀጥሎ ሪሞቱን። ክንፎቹን ከመንቀላችሁ በፊት ገልብጡትና ሆዱን እዩ። ዋሰርኩፐ ያለበት ሮን ተራሮች ላይ ራሳቸው ጥቁር የሆነ በጎች ይሰማራሉ። በጠጣቸው እርጥብ እያለ በጨርቅ ይለቃል፤ ከደረቀ በጥፍር ነው የሚፋቀው።